አንዱ ከገባ ሁላችን ገባን

የዚያን ማክሰኞ ቺፔሮኒው ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ከሞዛምቢክ በኩል ይነሳና የሙላንጄን ተራራ ከነግርጌው ይሸፍነዋል፤ ዝናብ እንዳትሉት ድምፅ የለው፣ ጉም እንዳትሉት አጥንት ድረስ ያበሰብሳል። የሻይ ቅጠል ለቃሚዎቹ ላስቲክ ደርበው በመንገዱ ሲያልፉ ከወገባቸው በታች እንጂ ከላይ አይታዩም። በኮሌጃችን ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የሶላር ሰሌዳዎች ፀሐይ ካዩ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ፈረንጆቹ በኢንተርኔት የሚሰጡት ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ ያን ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

እኔ የኮሌጁ ጽዳት ነኝ፤ ቁልፍም የምይዘው እኔ ነኝ። አዳራሹን ከፍቼ፣ አሮጌ ጨርቅ በሩ ላይ አንጥፌ፣ እግሩን ሳይጠርግ የሚገባውን ስቆጣ ፋሌሲ መጣች። ፋሌሲ ማኩዊራ የባሌ እህት ናት። እኛ ዘንድ የባል እህትና የወንድም ሚስት «አላሙ» ነው የሚባባሉት፤ አላሙ አላሙዋን ሳትሰድብ ካለፈች ሰው ተጣልተዋል ብሎ ያስባል።

«አላሙ፣ ይሄ የእግር መጥረጊያ ነው ወይስ የእሑድ ቀሚስሽ?» አለችኝ።

«ቀሚሴ ቢሆንማ አንቺን አላስረግጥም። ይልቅ ጥረጊና ግቢ፣ የዳክዬ እግር!»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰነጠቀና ወደ ሳል ተለወጠ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ፋሌሲ ሃያ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ክፍል ስል የማንጎ ዛፍ ማለቴ ነው። ከዛፉ ስር መቶ ሠላሳ ልጅ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በአንድ በኩል የጭነት መኪና መንገድ፣ በሌላ በኩል የእህል ወፍጮ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ በላይ ስትጮህ ኖራ ጉሮሮዋ ተበላሸ። የብላንታየሩ ሐኪም ቱቦ አስገብቶ አየላትና «ወይ ጩኸቱን ይተዉ፣ ወይ ድምፅዎን ይሰናበቱ» አላት። ጩኸቱን መተው የምትችለው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከተዛወረች ብቻ ነበር። እዚያ አንድ ክፍል አርባ ልጅ ነው፤ ግድግዳ አለው፣ በር አለው፣ በሩም ይዘጋል። ለመዛወር ደግሞ ከኮሌጅ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላሽ ካላቀረብሽ ሚኒስቴሩ ማመልከቻሽን አይነካውም። ፋሌሲ በኅዳር አርባ አምስት ይሞላታል። ያላት ጊዜ ከዚያ ሰኔ እስከዚያ ኅዳር ነበር፤ በቃ።

ወረቀቱን ያመጣል የተባለው አጋርነቱ ነው። ኮሌጃችን በሰሜን አውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተፈራርሟል፤ ሲፈራረሙ ወንበር ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እነሱ ኮርሱን ከዚያ ሆነው ይሰጣሉ፣ የእኛ አስተማሪዎች ከዚህ ሆነው ይማራሉ፣ ምስክር ወረቀቱ የሁለቱንም ማኅተም ይይዛል። ፈረንጆቹ የድርሻቸውን አደረጉ፤ ለሠላሳ አራቱ ተማሪዎች ሠላሳ አራት ታብሌት ላኩ።

ታብሌቶቹ ዕቃ ቤት ገቡ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ምክትል ዲኑ አቶ ሊኮንግዌ «ያለ ርክክብ አንድም ሳጥን እንዳይነካ» ብለው አዘዙ። ርክክብ ያለ ክብር እንግዳ አይሆንም፤ የክብር እንግዳው ከዋና ከተማው ከሊሎንግዌ የሚመጡት ሲመቻቸው ነው። እኛ ዘንድ የውኃ ፓምፕ እንኳ ጥብጣብ ሳይቆረጥለት ውኃ አይቀዳበትም፤ ሴቶች ባልዲ ይዘው አጠገቡ ቆመው እንግዳ ይጠብቃሉ። እኔም በየጠዋቱ የታብሌቶቹን ሳጥን አቧራ እጠርግ ነበር።

በዚህ ላይ የመግቢያው ጣጣ መጣ። ለተመዘገበው ሁሉ መልእክት በኢሜይል ይላካል፤ በሦስት ቀን ካልተከፈተ ያልፍበታል። መልእክቱ የመጣበት ሳምንት የኮሌጁ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ኢሜይል ያወጡት ለዚሁ ጉዳይ ሲባል ነው፤ የይለፍ ቃላቸውን የጻፉበትን ወረቀት ያልጣለ አልነበረም። ፋሌሲ ብቻ በሚኒባስ ኔትወርክ ወዳለበት ሊምቤ ከተማ ድረስ ሄዳ፣ የራሷን ከፍታ መጣች። የክፍሉ አለቃ እሷ ስለሆነች ሌሎቹ የላኳት ያህል ነበር።

«የእኔ ተከፍቷል» አለች ያን ማክሰኞ። «የሌሎቹስ?»

ዊክሊፍ የሚባለው የኮምፒውተር ቴክኒሻን ራሱን አከከ። «የእነሱ ጊዜው አልፏል። እንደገና ላኩልን ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«‹ጥያቄዎ ደርሶናል› ይላል። ማሽን ነው የሚመልሰው።»

«እና ቆመን ማሽን እንጠብቅ?»

«ኧረ ማይ ፋሌሲ፣ ምን አስጨነቀዎት? በእርስዎ ስም እንገባለን፣ ግድግዳው ላይ አበራዋለሁ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ያያል። አንዱ ከገባ ሁላችን ገባን ማለት ነው።»

ማንም አልገረመውም። እነዚህ እኮ አስተማሪዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሲሠሩ የኖሩት እንዲያ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሃያ ልጅ ይሰጣል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አሥራ ዘጠኙም አነበቡ ተብሎ ይጻፋል። ቤተ ክርስቲያንም አንድ የመዝሙር መጽሐፍ ለአንድ አግዳሚ ነው። አንድ ስም ለሠላሳ አራት ሰው ምን ነውር አለው? ጀኔሬተሩ ተነሳ፣ አንሶላ ግድግዳው ላይ ተወጠረ፣ ትምህርቱ ተጀመረ።

አሥራ ሁለት ሳምንት እንዲያ ሄደ። ፋሌሲ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በሁለት ጣት ትጽፋለች፤ ሠላሳ ሦስቱ ከኋላ ሆነው ያስጽፏታል። አቶ ሊኮንግዌ «የኢንተርኔት ትምህርት ነው ተብሎ መቅረት የለም» ብለው የወረቀት መዝገብ አዞሩ። ሁሉም በየሳምንቱ ይፈርማል፣ እሳቸው ማኅተም ይመቱበታል፣ መዝገቡ መሳቢያቸው ውስጥ ይገባል። የፈረንጆቹ ማሽን ደግሞ በራሱ ስም የገባውን ብቻ ይቆጥራል። ሁለቱም ይቆጥሩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ቆጠራ አንድ ቀን አላየም።

ከወዲያ ያለችው አስተማሪ ዶክተር ማሪት ትባላለች። በየሳምንቱ ጥያቄ ትለጥፋለች። አንድ ቀን የለጠፈችው «እያንዳንዱን ልጅ በራሱ ፍጥነት እንዲማር እንዴት ታደርጋላችሁ?» የሚል ነበር።

«በራሱ ፍጥነት?» አለ ሌቪሰን። ሌቪሰን ከሻይ እርሻው ትምህርት ቤት የሚመጣ ወጣት አስተማሪ ነው፤ አፉ አያርፍም። «እና መቶ ሠላሳ ፍጥነት አምጡ ነው የምትለን?»

«የእኔዎቹ አንድ ፍጥነት ነው ያላቸው፤ የገንፎ ሰዓት ሲደርስ የሚሮጡት» አለች ፋሌሲ።

«እንዲያውም እሱን ጻፉላት!»

«ዝም በል አንተ፣ ቁም ነገር ተናገር።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። አንዷ ልጆችን በበቆሎ ፍሬ እየቆጠረች በቡድን እንዴት እንደምትከፋፍል ተናገረች፤ ሌላው ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ እንደሚያደርግ፤ ሌቪሰንም ቀልዱን ትቶ ከትምህርት ስለሚቀሩ ልጆች ደህና ነገር አመጣ። ፋሌሲ ሁሉንም አገጣጥማ ጻፈችው። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ዊክሊፍ ጮክ ብሎ አነበበው። «ውድ ፋሌሲ፣ አንድን ጉዳይ ከብዙ አቅጣጫ የማየት ችሎታሽ ያስደንቀኛል።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሌቪሰን ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። «ሦስተኛው አቅጣጫ እኔ ነኝ» አለ። እኔም ከኋላ መጥረጊያዬን ተደግፌ ሳቅኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝና እኔ ባላውቅ አይፈረድብኝም፤ ዲግሪ ካላቸውም ግን አንዱ «ይህች ሴትዮ አንድ ሰው ብቻ እኮ ነው የሚታያት» ብሎ አልተነሳም።

በነሐሴ የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ፋሌሲ ነገሩ ሸተታት መሰለኝ፤ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«አላሙ፣ ዕቃ ቤቱን ክፈቺልኝ። ለአንድ ከሰዓት ብቻ። ሁሉም በየራሱ ይፈተን፤ ዊክሊፍ አዲስ መግቢያ ለምኖ ያመጣላቸዋል።»

«ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው?»

«ማን ያየናል?»

«ሳጥኑ የታሸገ ነው፣ አላሙ። የተቀደደ ሳጥን ፊት ማን ጥብጣብ ይቆርጣል? ሊኮንግዌ እኔን ነው የሚቆርጡት።»

ቁልፉ ያኔ በቺቴንጄ ሽርጤ ጫፍ ተቋጥሮ ወገቤ ላይ ነበር። አልከፈትኩም። ፈተናውንም እንደ ሌላው ጊዜ በአንድ ስም ሠሩት፤ ሠላሳ አራት ራስ፣ ሁለት ጣት።

ውጤቱ በመስከረም መጣ። ዊክሊፍ እንደለመደው ግድግዳው ላይ አበራው። መጀመሪያው መስመር ላይ ፋሌሲ ማኩዊራ በከፍተኛ ማዕረግ አልፋለች ይላል። አንዷ እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ ከስር ያለው ታየ፤ ሠላሳ ሦስት ስም፣ በእያንዳንዱ ትይዩ አንድ ቃል ብቻ፦ አልተገኘም።

«አልተገኘም?» አለ ሌቪሰን። «እኔ? ያ ሁሉ ቺፔሮኒ ሳንባዬን ሲበላው ታዲያ የት ነበርኩ?»

«ስህተት ይሆናል» አለ ዊክሊፍ።

«የማን ስህተት? ‹አንዱ ከገባ ሁላችን ገባን› ያልከው አንተ አይደለህም?»

«እናንተስ እሺ አላላችሁም?»

ሌቪሰን ወደ ፋሌሲ ዞረ። እስከዚያ ቀን እንደ እናቱ «ማይ»፣ «እርስዎ» ነበር የሚላት። «አንቺ ግን ተገኝተሻል» አላት። «በሠላሳ ሦስት አፍ ታኝኮ በአንድ ሆድ ገባ። ደግ፤ ያጥግብሽ!»

ፋሌሲ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። ሌቪሰን ግን ያፈረች መሰለው።

በማግስቱ አቶ ሊኮንግዌ አስጠሯት። እኔ መደርደሪያውን ስወለውል ነበር፤ እሳቸው ጽዳት ቆማ ስትሰማ ሰው ሰማ አይሉም።

«ማይ ማኩዊራ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አሁን ዝም ነው የሚሉት። አንድ በከፍተኛ ማዕረግ ማለት፣ ለሪፖርታችን ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱን ይውሰዱና ለሚኒስቴሩ ያስገቡ።»

«ሌሎቹስ ጌታዬ? የፈረሙበት መዝገብ እርስዎ ጋ አይደለም?»

«የትኛው መዝገብ?»

«በየሳምንቱ ማኅተም የመቱበት።»

«እሱ የውስጥ ጉዳይ ነው» አሉና ሻያቸውን አማሰሉ።

ማታ እኔ ቤት መጣች። የበቆሎ ገንፎ ንሲማና ኡሲፓ አቀረብኩላት፤ ዓሣዎቹን ከሳህኑ ዳር ዳር እየገፋች ተቀመጠች።

«ውሰጂው» አልኳት። «አላሙ፣ እብድ አትሁኚ። ወረቀቱን ውሰጂ። ጉሮሮሽን አስቢ።»

«ትናንት የጻፍኩትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት» አለችኝ በሹክሹክታ። «የእኔ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

«የጻፍሽው አንቺ፤ ጣቱ ያንቺ!»

«አንድ ራስ ጣሪያ አይሸከምም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ተሸክማችሁ አደረሳችሁት። ቤቱ ባንቺ ስም ከተጻፈ ታዲያ ምን ይደረግ? ግቢበት እንጂ!»

«እነሱ ውጭ ቆመው?»

«አላሙ፣ እነሱ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ሌላ ዙር ይደርሳቸዋል። አንቺ ኅዳር ብቻ ነው ያለሽ።»

ሳህኑን ገፋ አድርጋ እጇን ታጠበችና ወጣች። ምክሬን የተቀበለች መስሎኝ ተጽናናሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን መጥታ የጠየቀችኝ የአቶ ሊኮንግዌን መሳቢያ እንድከፍት ነው። ለታብሌቱ እምቢ ያልኩ ሴት ለዚህ ከፈትኩ። ምናልባት በፊተኛው ቁልፍ አፍሬ ነበር። ዊክሊፍ አሥራ ሁለቱን ገጽ ከነፊርማው ከነማኅተሙ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ፋሌሲ ደብዳቤ ጻፈች። ያ መልስ የእኔ ብቻ አይደለም፣ ሠላሳ አራት ነበርን፣ ማስረጃውም ይኸው ብላ ላከችው።

ማሽኑ «ጥያቄዎ ደርሶናል» አለ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዶክተር ማሪት ራሷ ጻፈች። ደብዳቤሽ ልቤን ነክቶታል፣ እንዲህ ያለ ሐቀኝነት አላየሁም ትላለች። ብዙ ነው ያመሰገነቻት። ከምስጋናው ቀጥሎ ደንቡ መጣ። አንድ መግቢያ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በጋራ የሠሩበት እንደሆነ ውጤቱ ይሰረዛል። ስለዚህ የፋሌሲ ምስክር ወረቀት ተሰርዟል። ሆኖም መዝገቡ ሠላሳ አራቱም በትጋት እንደተማሩ ስለሚያሳይ፣ ዩኒቨርሲቲው በየካቲት ሁለተኛ ዙር ይከፍትላቸዋል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ታብሌት፣ በየራሱ ስም። «አንቺም እንኳን ደህና መጣሽ» ይላል መጨረሻው።

የካቲት! ለኅዳር ሰው የካቲት ምን ያደርግለታል? ፋሌሲ ለሚኒስቴሩ ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ ብቻ ታገሱኝ ብላ ጻፈች። የመለሰላት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ዕድሜ አይራዘምም አላት። እኔ ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደምጣላ ጠፋኝ። ፈረንጆቹ ደንባቸውን ነው ያከበሩት፤ ሊኮንግዌ ጥብጣባቸውን ነው የጠበቁት፤ ዊክሊፍ ሥራ ማስቀጠሉ ነበር፤ ሌቪሰንም የተናገረው ቢመረው ነው። እሷም እውነቱን ነው የጻፈችው። ሁሉም ትክክል ሆኖ ነገሩ እንዲህ ሲበላሽ ሰው በምን ይቆጣል? እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ባልዲዬን እየረገጥኩ አንድ ሳምንት ሠራሁ።

ርክክቡ በጥቅምት ሆነ። ቺፔሮኒ የለም፤ ሙቀቱ ሬንጅ ያቀልጣል። ድንኳን ተተከለ፣ ጨፋሪዎች መጡ፣ የክብር እንግዳው ከሦስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ደረሱ። ከዕቃ ቤት ሠላሳ አራቱን ሳጥን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አቶ ሊኮንግዌ ስለ አጋርነቱ ንግግር አደረጉ፤ ርቀት ተሸነፈ አሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ ሲጠራ ወጥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጉልበቱን ሰበር አደረገ፣ ፎቶ ተነሳ። ፋሌሲም ተነሳች። እንግዳው መኪናቸው ውስጥ እንደገቡ አቶ ሊኮንግዌ ጮኹ፦ «ታብሌቱን መልሱ! የንብረት ቁጥር አልተለጠፈበትም!»

መልሼ ቆለፍኩበት። ቁጥሩ ተለጥፎ የወጣው በጥር ነው።

ሁለተኛው ዙር ያለ ፋሌሲ ተሰጠ። ከሠላሳ ሦስቱ ሃያ ስምንቱ አለፉ። ሌቪሰን አሁን ከኮረብታው በታች ባለው ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል፤ ክፍሉ ውስጥ አርባ ሦስት ልጅ አለው፣ በሩም ይዘጋል። ወር በገባ ቁጥር ለጉሮሮዋ ማር ይዞላት ይመጣል። «ማይ፣ እንዴት አደሩ?» ይላታል፤ እንደ ድሮው በእርስዎ። እሷ በእጇ «ደህና፣ ደህና» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ታብሌቱን ሊያሳያት አውጥቶ ነበር፤ «ለሠላሳ አራት ሰው ትበቃለች» ብላ ጻፈችበት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ፋሌሲ አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፣ ከዚያው ማንጎ ስር። ዘንድሮ ልጆቹ መቶ አርባ አንድ ናቸው። ድምፅ ስለሌላት አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች፤ አንድ ጊዜ ስትነፋ ይቀመጣሉ፣ ሁለት ጊዜ ስትነፋ ይነሳሉ፣ የቀረውን በእጇ ታሳያቸዋለች።